ያልተፋቀው ቀለም

«አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት» አለች አቢጋኤል፣ የመለኪያውን መስኮት ከፀሐይ በመዳፏ ከልላ።

«እና? ጥሩ ነው መጥፎ?» ራኒያ ጆሮዋን በጣቶቿ ደፍናለች። የሣር ማጨጃው ሞተር አጠገባቸው እየጮኸ ነው።

«ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ወደ አሥራ አራት ቮልት መውጣት ነበረበት። ይሄ ጭራሽ እየወረደ ነው። ባትሪው ምንም አያገኝም ማለት ነው።»

«አባትሽ ግን ቻርጅ ያደርጋል ብሎ የለ?»

አቢጋኤል መለኪያውን ደግማ አየች። ጥያቄውን ከጠዋት ጀምሮ እሷም ራሷን ስትጠይቀው ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ደነገጠች።

ያሉት በከተማው ላይኛው ሰፈር በሴቻ፣ የእነአቢጋኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ በዓመት አንዴ የኮንፍረንስ ድንኳን የሚተከልበት ሰፊ ሜዳ አለ። ሜዳውን የሚያጭደው፣ ሰው ተቀምጦበት የሚነዳው ማሽን ነው፤ የሰንበት ትምህርት ልጆች «ትንሿ ትራክተር» ይሏታል። ዘንድሮ ከጥር ወዲህ ግን ትንሿ ትራክተር የምትነሣው ደስ ሲላት ብቻ ሆነ። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ትልና ዝም ትላለች። ባትሪዋ ይሞታል። የበልጉ ዝናብ ሲገባ ሣሩም የሚቆርጠው እንደሌለ ያወቀ ይመስል ጉልበት ድረስ አደገ።

የአቢጋኤል አባት ሲሳይ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ የታወቀ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መለኪያ አይወድም። ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠውን መልቲሜትር የምትጠቀምበት ልጁ ናት። እሱ ጆሮውን ጣል ያደርጋል፣ ሽቦ ከሽቦ ያነካካል፣ ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ልክ ነው፤ ሰው መኪናውን ጥሎለት የሚሄደውም ለዚህ ነው። ማጨጃውን እንዲያይ በተጠራ ቀንም ሞተሩን አስነሥቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ሞተሩ አልጠፋም። ሽማግሌዎቹ ፊት እጁን አራግፎ፣ «ዲናሞው ደህና ነው። ቻርጅ ባያደርግ ኖሮ አሁን ይጠፋ ነበር። ባትሪውን የሚጨርሰው ሌላ ነገር ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ያ «ሌላ ነገር» ሰው መሆን አለበት ተብሎ ይፈለግ ጀመር። ሰውየውን ያገኘችው ደግሞ ራሷ አቢጋኤል ናት።

አንድ ማለዳ ወደ ግቢው ለመዝሙር ልምምድ ስትገባ፣ ጥበቃው ጋሽ ይፍሩ ባትሪውን በጆንያ ጠቅልለው በኋላ በር ሲወጡ አየቻቸው። እራት ላይ እንደ ተራ ወሬ አነሣችው። ክፋት አልነበራትም። አባቷ ግን የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና «እርግጠኛ ነሽ?» አላት። «በዓይኔ ነው ያየሁት» አለችው። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሰሙ። መብራት በጠፋ ማታ የጥበቃው ክፍል በርቶ አየሁ፣ በባትሪው ነው የሚያበሩት የሚልም ተገኘ። በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያን በር የጠበቁ ሰው የባትሪ ሌባ ሆኑ።

ጋሽ ይፍሩ የዶርዜ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ሲጨንቃቸው ደግሞ አማርኛው ይጠፋባቸዋል። ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው፣ «ባትሪ የወሰድኩ ላስሞላ ነው» አሉ።

«ማሽኑ ራሱ እየሞላው ለምን ሌላ ቦታ ይሞላል?» አላቸው ሲሳይ።

ጋሽ ይፍሩ ቀስ ብለው ወደ ሜዳው ጠርዝ ሄዱ፣ አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ነጩ፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። «እንደገና ይታይልኝ» አሉ።

በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እንዳላዩ ማለፍ ነውር ነው። የተቆጣ ሰው እንኳ ሣሩን ሲያይ ይበርዳል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ኤፍሬም፣ «ለሣሩ ስንል አንድ ሳምንት እንታገሥ» አሉ። አባቷ ግን «ማሽን አይዋሽም» ብሎ ፊቱን አዞረ። አቢጋኤል ይህን ሁሉ በአዳራሹ መስኮት አየች። አባቷ ከሣር ፊቱን ሲያዞር አይታ አታውቅም ነበር፤ በጣም አፈረች፤ ማፈሯም አሳፈራት።

ሳምንቱ ነገ ያልቃል።

ወደዚህ ማሽን ያመጣት ግን የራኒያ ወሬ ነው። ራኒያ የክፍሏ ልጅ ናት፤ አባቷ ሳላዲን ሲቀላ ገበያ አጠገብ ባትሪ ይሸጣል፣ የሞተ ባትሪም ይሞላል። ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ራኒያ ነገሩን ስትሰማ ዓይኗን አፈጠጠች።

«አቦ እየቀለድሽ ነው? እኛ ሱቅ ባትሪ በጆንያ ጠቅልለው እያመጡ የሚያስሞሉት ሽማግሌ እኮ ናቸው። ከጥር ጀምሮ ይመላለሳሉ፤ ከራሳቸው ኪስ ነው የሚከፍሉት። አንድ ቀን ለምን እንደሚደክሙ ጠየቅኋቸው። ሣሩ ሲያድግ እባብ ይገባበታል፣ ሕፃናት ይጫወቱበታል አሉኝ።»

አቢጋኤል የቀረውን ትምህርት አልሰማችም። ባትሪ የሚጨርስ ሰው ባትሪ ለምን ያስሞላል? አርብ ዕለት የማሽኑን ቁልፍ ከአባቷ የሥራ ሳጥን ወሰደች፤ ባትሪውን እነራኒያ ሱቅ አስሞሉት። ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይኸው፣ ሞተሩ እየሠራ ቁጥሩ ይወርዳል።

«እስቲ አባባ ያደረገውን ላድርግ» አለችና የባትሪውን ገመድ ነቀለች። ሞተሩ አልጠፋም።

«በቃ አባትሽ ልክ ነዋ» አለች ራኒያ። «ላሽ በይው አቢ።»

አቢጋኤል ግን ላሽ ማለት አልቻለችም። ሞተሩን አጥፍታ ገመዱን መለሰች፤ ከሥር ለባትሪው ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሶኬት ፈልጋ ነቀለችው። አሁን ባትሪው ቻርጅ የሚያገኝበት መንገድ የለም። ሞተሩን አስነሣችና የባትሪውን ገመድ ደግማ ነቀለች። ሞተሩ እንደ ቅድሙ መጮሁን ቀጠለ።

«መኪና ቢሆን ይጠፋ ነበር» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ይሄ ግን የካንዴላውን እሳት ከባትሪ አይወስድም። ሲሽከረከር ራሱ በማግኔት ያመነጫል። ባትሪው ኖረ አልኖረ ግድ የለውም።»

«ስለዚህ የአባትሽ ፍተሻ...»

«የመኪና ነው። እዚህ ላይ ምንም አይነግርሽም።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም። ገመዱን መልሳ መለኪያውን በነቀለችው ሶኬት ላይ አደረገች። ሃያ ስምንት ቮልት። ከሞተሩ ሥር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሙሉ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ነገር አለ ማለት ነው። መንገዱ ላይ ያለችው ደግሞ አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ ሬጉሌተር የሚሏት፣ ከሞተሩ ጎን በሁለት ብሎን የታሰረች፣ ጀርባዋ ጠፍጣፋ የሆነች ትንሽ ብረት። ከሥር የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው በሚስማማ መልኩ የምታሳልፈው እሷ ናት። ይህን እንድታደርግ ገላዋ ከሞተሩ ብረት ጋር ብረት ለብረት መነካካት አለበት።

አቢጋኤል ሬጉሌተሯን አየቻት። አረንጓዴ ናት። ከዳር እስከ ዳር የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ።

በጥር፣ የኮንፍረንሱ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት፣ አባቷ «ማሽኑን ቀለም እንቀባው» ብሎ ብሩሹን የሰጣት ለእሷ ነበር። ሥራ ስትወድ ዳር ዳሩን ብቻ ነካክታ የምትተው ልጅ አይደለችም። ሬጉሌተሯን ፈትታ ፊቷንም ጀርባዋንም ቀባች። የምትቀመጥበትን ቦታ ቀባች። ብሎኖቹን ሳይቀር ጣሳው ውስጥ ነከረቻቸው። አባቷ አይቶ፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ከፋብሪካ የወጣ መሰለ» አላት። ሰው ሁሉ አጠገቡ እየቆመ ፎቶ ተነሣ። ባትሪው መሞት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዛሬ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ሶኬቱን መለሰችው። የአንድ ሽቦ ሁለቱን ጫፍ ላጠች። የሬጉሌተሯን አንድ ጥግ በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ጫረችና አንዱን ጫፍ እዚያ ላይ፣ ሌላውን ቀለም ባልነካው የሞተሩ ብረት ላይ አስጠጋች። ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት። አሥራ ሦስት ነጥብ አምስት። አሥራ አራት ነጥብ አንድ ላይ ደርሶ ቆመ። ሽቦውን አነሣች፤ ወረደ። መለሰች፤ ወጣ።

«አገኘሽው እኮ» አለች ራኒያ። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየች። «ምነው? ለምን ታለቅሻለሽ?»

ሞተሩን ሲያጠፉ ጋሽ ይፍሩ ከክፍላቸው ገመድ ይዘው ወጡ። በር ላይ ፍራሻቸው ተጠቅልሎ ቆሟል። ሴት ልጅንም ወንድንም የሚጠሩት በአንድ ዓይነት ነው። «መጣህ ልጄ? እጅህን ጠብቅ፤ የሥሩ ቢላዋ ክፉ ነው» አሏትና ፍራሹን ማሰር ቀጠሉ። በእሷ ቃል ሌባ የተባሉ ሰው ለእጇ ሰጉ። አቢጋኤል «እሺ ጋሼ» አለች።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ራኒያ በሚኒባስ ወደ ሲቀላ ከወረደች በኋላ፣ አባቷ መጣ። ቁልፉን ከሳጥኑ አጥቶ ነበር የመጣው።

«ማን ንኪው አለሽ?»

አቢጋኤል ሞተሩን አስነሥታ አሳየችው። ሽቦው ሲነካ፣ ሽቦው ሲነሣ። ሲሳይ ሽቦውን ከእጇ ወስዶ ራሱ ሦስት ጊዜ ሞከረው። ሬጉሌተሯ ላይ ጎንበስ ብሎ ቀለሙን በጥፍሩ ጫረ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ የማሽኑ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ድንገት ያረጀ መሰላት።

«የቀባሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ቀቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ።» ቀለም የነካ ጥፍሩን በሱሪው ጠረገ። «ስሚኝ አቢዬ። የሲቀላ ሰው መኪናውን የሚሰጠኝ እጄን አምኖ ነው። ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲሳይ ባትሪ መፈተሽ አያውቅም ከተባለ...» ቀሪውን ተወው።

«ጋሽ ይፍሩስ?»

«ሥራቸውን አያጡም። እኔ ራሴ ተነሥቼ ይቅር በሏቸው እላለሁ። እምቢ አይሉኝም።»

«ምን አድርገው ነው ይቅር የሚባሉት?»

አባቷ ከሳጥኑ የአሸዋ ወረቀት ቀዶ በእጇ አስያዛት። «ጀርባዋንና መቀመጫዋን ፍቂው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም። ባትሪው ከእንግዲህ አይሞትም፤ ነገሩም ይረሳል» አለና ወደ በሩ ሄደ። በጥበቃው ክፍል በኩል ሲያልፍ መሬት መሬት ያይ ነበር።

አቢጋኤል አባቷን ትወደዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ እሱ መሆን ነው የምትፈልገው፤ ስሙ ሲነሣ ደረቷ የሚነፋ ልጅ ናት። ስለዚህ ብሎኖቹን ፈታች። ሬጉሌተሯን ገልብጣ የአሸዋ ወረቀቱን ጀርባዋ ላይ አደረገች። የራሷ ብሩሽ ያሰመራቸው መስመሮች አሁንም ይታያሉ።

ልትፍቅ ስትል ነገን አሰበችው። ቀለሙ ይፋቃል፣ ማሽኑ ይሠራል፣ ባትሪው አይሞትም። ሰው ደግሞ ምን ይላል? «አያችሁ፣ ሌባው ሲነቃበት ባትሪው ዳነ።» ያን ጊዜ ማስረጃው ሙሉ ይሆናል። በጋሽ ይፍሩ ላይ ሁለተኛ ልትመሰክር ነው፤ አሁን ደግሞ አንድ ቃል እንኳ ሳትናገር።

የአሸዋ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ሬጉሌተሯን ከነቀለሟ መልሳ አሰረች።

እሑድ ጠዋት ከቤት ሲወጡ አባቷ፣ «ፋቅሽው?» አላት።

«አልፋቅኩትም አባባ።»

ቆመ። «ለምን?»

«ከተፋቀ እሳቸው ሌባ ሆነው ይቀራሉ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እጁን ዘርግቶ «ቁልፉን ስጪኝ» ብቻ አለ፤ ሰጠችው። ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ እሱ ፊት፣ እሷ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ብትጠየቅ አትመልስም።

ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከማሽኑ መጠለያ አጠገብ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ሰውም ከበበ። ጋሽ ይፍሩ ኮታቸውን ለብሰው ለብቻቸው ቆመዋል፤ ፍራሻቸው በር ላይ ነው። ጋሽ ኤፍሬም መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳምንቱ ሞላ። በዚህ ነገር ላይ ሌላ ቃል ያለው አለ?»

አቢጋኤል ተነሣች። «እኔ አለኝ።»

«አንቺ ምስክርነትሽን ሰጥተሻል ልጄ።»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት ጋሼ። ያላየሁት ነበር።» ከመጽሐፍ ቅዱሷ ቦርሳ ውስጥ መለኪያውንና ሽቦውን አወጣች። «ባትሪውን ማንም አልጨረሰውም። ማሽኑ ስለማይሞላው ነው የሚሞተው። ማሳየት እችላለሁ። ቁልፉ ግን...»

ቁልፉ አባቷ ኪስ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሲሳይ ዞረ። እሱ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። አቢጋኤል ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም፤ ጫማውን ብቻ አየች። ጫማው ለረጅም ጊዜ ባለበት ቆየ። ከዚያ ተነሣ፣ በሰው መሐል አልፎ ሄደ፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ተነሣ። አቢጋኤል መለኪያውን ባትሪው ላይ አድርጋ ለጋሽ ኤፍሬም አስያዘቻቸው። የሽቦውን አንድ ጫፍ ሬጉሌተሯ ላይ ያዘች፤ ሌላውን ለጋሽ ይፍሩ ዘረጋችላቸው። «ይህን እዚህ ብረት ላይ ያስነኩልኝ ጋሼ። አይነዝርም።»

ጋሽ ይፍሩ ጎንበስ ብለው አስነኩት።

«አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት» ብለው አነበቡ ጋሽ ኤፍሬም። «አሥራ ሦስት... አሥራ አራት።» ሽቦው ተነሣ፤ ቁጥሩ ወረደ። እንደገና ተነካ፤ ወጣ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ጎንበስ ብለው አዩ።

ሲሳይ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። «ማሽኑን የፈተሽኩት እኔ ነኝ» አለ። «ፍተሻው ለመኪና ነው የሚሆነው፤ ለዚህ አይሆንም። ቻርጁን ያስቀረው ቀለም ነው። ቀለሙንም ያስቀባኋት እኔ ነኝ። ጋሽ ይፍሩ ባትሪውን ላስሞላ ነው ያሉት እውነታቸውን ነው።»

ከዚያ ወሬው በአንዴ ተነሣ። አንዲት እናት አቢጋኤልን ትከሻዋን አቅፈው «ተባረኪ የኔ ልጅ» አሏት። ሌላው «ይህች ልጅ መሐንዲስ ትሆናለች» አለ። የመዘምራን ጓደኞቿ ከበቧት። ለሳምንት የከበዳት ደረቷ ቀለል አለ፤ እዚያው መሐላቸው መቆየት አማራት።

በሰዎቹ ትከሻ መሐል ግን አባቷን አየችው። ለብቻው ወደ ሜዳው ጠርዝ ይሄዳል። ሣሩ ጉልበት በሚደርስበት ቦታ ቆሞ ጎንበስ አለ። ሲነጨው እጁ ይታያታል። ጋሽ ይፍሩ ከፍራሻቸው አጠገብ ቆመው ያዩታል።

«በዓይኔ ነው ያየሁት» ያለችበት እራት ትዝ አላት። ያንን የተናገረው አባቷ አልነበረም።

ትከሻዋ ላይ ያረፈውን እጅ ቀስ አድርጋ አወረደች። ሰዎቹን አልፋ ወደ ረጅሙ ሣር ሄደች፣ ከአባቷ ጎን ጎንበስ አለች፣ የራሷን መንጨት ጀመረች።